ብስክሌት እየገፉ ወደ ፃግብጂ

ባሕር ዳር ሰው ሁሉ ብስክሌተኛ ነው። ይህ የሆነው ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች እንጂ እኛ ጎበዝ ስለሆንን አይደለም። ይህን ለማወቅ ዋግ ድረስ መሄድ ነበረብን፤ አሥራ ሁለት የብስክሌት ማኅበር አባላት ብስክሌት ይዘው ሄዱ፣ እኔ ደግሞ ድስት ይዤ ተከተልኳቸው።

ብርቄ እባላለሁ፤ ከሐይቁ ብዙም ሳትርቅ አንዲት ቁርስ ቤት አለችኝ። የብስክሌት ማኅበርተኞቹ እሑድ እሑድ በዘንባባው ጥላ ሥር እስከ ዓባይ ድልድይ ይነዱና ሲመለሱ እኔ ቤት ፉል ይበላሉ። መንዳቱን «ልምምድ» ይሉታል። ከመንዳቱ ይልቅ ፉሉ ላይ ሲበረቱ ስለማይ ለየትኛው እንደሚለማመዱ ጠይቄ አላውቅም። ሊቀመንበሩ ጌታነህ ባንክ ይሠራል፤ ሲናገር እጁን ያወናጭፋል፤ የራስ ቁሩ ላይ ሲኒ የምታህል ካሜራ ገጥሟል።

አንድ እሑድ ካሣ የሚባል የሰቆጣ መምህር፣ ለክረምት ትምህርት ባሕር ዳር የመጣ ነው፣ አብሯቸው ቁጭ ብሎ ሲበላ ስለ አክስቱ መንደር አጫወታቸው። መንደሯ ፃግብጂ ወረዳ ውስጥ ናት። የእጅ ፓምፗ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሴቶቹ ገደል ወርደው ከምንጭ ነው የሚቀዱት። ጌታነህ ይህን ሲሰማ ማንኪያውን አስቀመጠ። «በብስክሌት ሄደን ለፓምፑ ገንዘብ እናሰባስባለን» አለ። በብስክሌት መሄድና ፓምፕ መጠገን ምን እንደሚያገናኛቸው ያን ቀን አልገባኝም፤ ዛሬም አልገባኝም። ሰው ግን አዋጣ። ሰማያዊ ካናቴራ ተሠርቶ ደረቱ ላይ «ውሃ ለሁሉም» ተጻፈበት። ለእኔም አንድ ሰጡኝ፤ በሽንኩርት መክተፊያ ሰዓት እለብሰዋለሁ።

እንግዲህ ወደዚያ አገር የመሄድ ሐሳብ የሌላችሁ ደንበኞቼ «ንገሪን፣ ንገሪን» እያላችሁ እሳት ላይ ያለ ድስት ስላሳረራችሁብኝ ጻፍኩት። ፓምፑ ተሠራ ወይ ለምትሉኝ፣ ገንዘቡ ደርሷል፣ ጠጋኙ ገና አልመጣም።

ማክሰኞ

በንጋት ተነሣን ብል ደስ ይለኝ ነበር። ጌታነህ የመሸኛ ንግግር አዘጋጅቶ ስለነበር ግን ፀሐይ ወጥታ፣ ሞቃ፣ እኛን መጠበቅ ሰልችቷት ነው የተነሣነው። ብስክሌቶቹ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታሰሩ። እስከ ሰቆጣ በመኪና፣ ከሰቆጣ እስከ መንደሩ በብስክሌት ነው የተባለው። ብስክሌተኞቹ መኪና ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ የራስ ቁራቸውን ግን አላወለቁም።

ደብረ ታቦርን እንዳለፍን አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ አንገቱን በመስኮት አስገባና ያን ሁሉ የራስ ቁር ተመለከተ።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ብስክሌት ስንነዳ ብንወድቅ እንዳንጎዳ» አለ ጌታነህ።

ፈታሹ ወደ ጣሪያው ቀና አለ፤ ከዚያ መልሶ እነሱን አያቸው። «ብስክሌቱ ያለው ላይ ነው፤ እናንተ ታች ናችሁ። የሚወድቀው ማነው?» አለ። ሾፌራችን ተስፌ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ጋሸና አደርን። እኛ አገር በረደ ማለት ጠዋት ሹራብ ተደረበ ማለት ነው። ጋሸና ላይ ግን ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤ፣ ካናቴራዬን ሳይቀር ጭንቅላቴ ላይ ጠምጥሜ ተንቀጠቀጥኩ። የአልጋ ቤቷ ባለቤት በሩን ገፋ አድርጋ አየችኝና የራሷን ጋቢ ከትከሻዋ አውርዳ አለበሰችኝ። «የቆላ ሰው ስስ ነው» አለች። ጠዋት ጋቢዋን ስመልስላት ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችኝ። ዋግ ሄደን ተራራ በብስክሌት እንወጣለን አልኳት።

«ምን በድላችሁ?» አለች ከልቧ አዝና። የንስሐ ቅጣት መስሏት ነው።

ረቡዕ

ላሊበላን በሩቁ ተሳልመን አለፍን። ሰው ከባሕር ማዶ ድረስ የሚመጣበትን ቦታ አልፎ የተበላሸ ፓምፕ ለማየት የሚሮጥ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጠጠር ነው፤ ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር አሥራ ሁለቱ የራስ ቁሮች ከጣሪያው ጋር እየተጋጩ ይንቋቋሉ። ለካ ለዚህ ኖሯል የጠቀሙት።

ሰቆጣ ባጃጅ አላት፣ መሥሪያ ቤት አላት፣ ደብተር ያቀፈ ተማሪ መንገዱን ሞልቶታል፤ ሐይቅ ብቻ ነው የሌላት። ሐይቅ የሌለው ከተማ ሰው አመሻሹ ላይ ምን ያያል ብዬ ስጨነቅ ነበር። እርስ በርሱ ይተያያል። ሰላምታውም ረጅም ነው፤ አንዱ ሌላውን ስለ ከብቱ ደኅንነት ጠይቆ እስኪጨርስ እኛ አገር ሦስት ሰው ሰላም ብሎ ያልፋል።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ጎልማሳ ሴት ናት። የጾም ቀን ነውና ምን ላቅርብ ስትለኝ፣ አመሌ ነው፣ «ዓሣ የለም?» አልኳት።

«ዓሣ በረቡዕ?» አለች። «እናንተ አገር ቄስ የለም እንዴ?»

ዓሣ እኛ ዘንድ በጾምም የሚበላው በቂ ማስረጃ ኖሮት እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። እሷ ሽሮዋን እያማሰለች አዳመጠችኝ። «ሐይቁ ስለቀረባችሁ ነው» አለች በመጨረሻ። «ፍየል ቢቀርባችሁ እሷንም የጾም ናት ትሉ ነበር።» ከሽሮው በኋላ ዳቦ ቆርሳ ነጭ ማር አፈሰሰችበት። ከጾም ምግብ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እያለ ስለ ዓሣ መከራከሬ አሳፈረኝ። የማሩን ልክፈል ብላት ተቆጣችኝ።

ካሣ ማምሻውን መጥቶ ተቀላቀለን። ጌታነህ ብስክሌት ሊያውሰው ቢለምነው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እምቢ አለ። የአገሩን መንገድ ስለሚያውቅ ሚኒባሱ ውስጥ ከእኔ ጎን ተቀመጠ።

ሐሙስ

ጉዞው በቁልቁለት ነው የጀመረው። ሁሉም ሰማያዊ ለብሰው እንደ ወፍ ሲወርዱ ጌታነህ ወደ ኋላ ዞሮ «አያችሁ! ፈርታችሁ ነበር!» እያለ ጮኸ። ከዚያ ድልድይ መጣ፤ ከድልድዩ ወዲያ ሽቅቡ። በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ሦስቱ ወረዱ፤ በሁለተኛው ሁሉም ወረዱ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ብስክሌት መንዳት ሳይሆን ብስክሌት ማጀብ ነው።

አንድ ገበሬ አህያውን እየነዳ ደረሰባቸውና «ምነው፣ ተበላሸባችሁ?» አለ።

«አልተበላሸም» አለ ጌታነህ እያለከለከ።

«ታዲያ ለምን አትቀመጡበትም?»

«ሽቅብ ነዋ።»

«ሽቅቡን እናንተ ትገፉታላችሁ። ቁልቁሉንስ?»

«ቁልቁሉን እሱ ይወስደናል።»

ሰውየው ጥቂት አሰበበት። «ቁልቁሉንማ ድንጋይም ይወርዳል» አለና አለፋቸው። ትንሽ ሄዶ ግን ቆመ፤ በጣም የደከሙትን የሁለቱን ሻንጣ ተቀብሎ አህያው ላይ ጫነላቸውና እስከ ጫፉ ድረስ አብሯቸው ወጣ። ስሙን ሳይነግራቸው ተለያዩ። ጌታነህ ሁሉንም በካሜራው ሲቀርጽ ነበር፤ አህያው ያለፋቸውን ቦታ ግን በኋላ ቆርጦ አውጥቶታል።

መንደሩ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን የሚኒባሱን ጎማ ድንጋይ በሳው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሜዳ ነው ስለተባለ ብስክሌተኞቹ በደስታ ጥለውን ሄዱ። ተስፌ ጎማ ሲቀይር እኔና ካሣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከአንድ ጎጆ የወጣች ሴት ምንም ሳትጠይቀን እርጎና ቆሎ አምጥታ ሰጠችን፤ ዕቃውን ከየት እንደምትወስድ እንኳ አላሰበችም፤ «አጥር ላይ ስቀሉት» ብላ ገባች።

እዚያ ተቀምጠን ነው ካሣ ስለ አክስቱ የነገረኝ። እማማ ታደሉ ይባላሉ። ባላቸው በቅርቡ ነው የሞቱት፤ የፊታችን እሑድ አርባቸው ነው። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ፣ «በአርባዬ ካህናቱንና ድኃውን ካላጠጣሽ፣ አፈር እንዳላለበስሽኝ ቁጠሪው» ብለው አደራ ሰጥተዋቸዋል። ዐረብ አገር ያለች ልጃቸው ለገብሱና ለጌሾው ላከች። የጠላው ድፍድፍ ደርሷል፤ የሚቀረው ዓርብ ውሃ ተሞልቶበት ለእሑድ መከደን ነው።

«ታዲያ በዚህ ሐዘን ላይ እኛን ለምን አመጣኸን?» አልኩት።

«በዚህ በኩል አልፌ ሌላ ቤት ባሳርፋችሁ ዕድሜ ልኬን አታናግረኝም» አለ። «‹ሐዘን ላይ ነኝ ብዬ እንግዳ አልመልስም› ብላለች።»

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደረስን። ግቢው ጭቃ ነበር። በዚያ አገር በጥር ወር ጭቃ ማየት ተአምር ነው፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ገርሟቸው ከየጉድጓዱ እየጠጡ ነው። አሥራ ሁለቱ ብስክሌቶች በድንጋይ አጥሩ ላይ ተደግፈው ያብለጨልጫሉ።

«አጠብናቸው» አለኝ ጌታነህ በኩራት። «ነገ ፓምፑ ጋ ፎቶ አለ፤ አቧራ ለብሰን አንነሣም።»

«ውሃ ከየት አመጣችሁ?»

ጥግ ላይ ወዳለ የፕላስቲክ በርሜል አመለከተ። «ባለቤቲቱ እህታቸው ዘንድ ሊጥ እያቦኩ ነው አሉ። አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ‹ግቡ፣ ቤቱ የእንግዳ ነው፣ እንዳሻችሁ› ብለውን ሊጠሯቸው ሄዱ።»

ካሣ ወደ በርሜሉ ሄዶ መክደኛውን አነሣ፤ ወደ ውስጥ አየና ቀስ ብሎ መልሶ ከደነው። ከዚያ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ዓርብ ድፍድፉ ላይ ሊሞላ የነበረው ውሃ ያ እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

እማማ ታደሉ ጥቁር ለብሰው፣ ወገባቸውን በነጠላ አስረው መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። መጀመሪያ መሬቱን አዩ፣ ቀጥሎ ብስክሌቶቹን፣ በመጨረሻ በርሜሉን። ከዚያ እያንዳንዳችንን ጉንጫችንን እየሳሙ «እንኳን ደኅና መጣችሁ፣ እንኳን በሰላም» አሉን። እራት አቀረቡ። ጌታነህ «ምን ዓይነት እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነው!» እያለ ሦስት ጊዜ ጎረሰ።

እኔ ጓዳ ገባሁ። እሳቸው የድፍድፉን ጋን ተደግፈው ቆመዋል። ካሣ አማርኛው ሲከብዳቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ እንደሚጨርሱት ነግሮኝ ነበር፤ ለእኔ ግን በአማርኛ ነው የመለሱልኝ።

«እማማ፣ ነገ ነበር የሚሞላው?»

«ነገ ነበር።»

«አሁንስ እንዴት ይሆናል?»

«ውሃ በተራ ነው፣ እህቴ። የእኔ ተራ አልፏል። ከስንት ተራ ነው ያጠራቀምኩት።» ጋኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ተይ፣ አትንገሪያቸው። እንግዳ እንዳያፍር።»

እኔ ደግሞ እንግዳ ቢያፍር የማይከፋኝ ሰው ነኝ። ወጥቼ «ጌታነህ፣ ካናቴራህን አውልቅ» አልኩት።

«ለምን እትዬ ብርቄ?»

«ወይም ጽሑፉን ፋቀው። ‹ውሃ ለሁሉም› የሚለውን ለብሰህ የሟች አርባ ውሃ ጎማ አጠብክበት።» ነገርኳቸው። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጉርሻው በየእጁ ላይ ቀረ። ከመሀላቸው አንዱ «እንክፈላቸው» አለ። ካሣ ቀና ብሎ አየው፤ «ከማን ሊገዙበት?» አለው።

ዓርብ

ገና ሳይነጋ ጀሪካን ይዘን ወደ ምንጩ ወረድን፤ እኔም በታማሚ ጉልበቴ ወረድኩ። መንገዱ ፍየል ራሷ ቆም ብላ የምታስብበት ነው። ታች ስንደርስ ምንጩን አላየሁትም ነበር። ጣና ዳር አድጌ ውሃ ማለት ማዶው የማይታይ ነገር መስሎኝ ነዋ። የዚህኛው ውፍረት ጣቴን አያህልም፤ ከአለቱ ሥር ይንጠባጠባል። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን በረድፍ ደርድረው ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ቤት ቀን አለው፣ በቀኑም ውስጥ ተራ አለው። ሀብታምም ይሁን ቄስ ከተራው አይቀድምም፤ ተራው ያለፈው ደግሞ እስኪዞርለት ይጠብቃል።

ጌታነህ ይህን ሁሉ ካሣ ሲነግረው ሰምቷል። ቢሆንም ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ፊት ወጣ። «እናቶቼ፣ እኛ ለእናንተው የውሃ ፕሮጀክት ከባሕር ዳር የመጣን ነን…»

ዘውዴ የምትባል ረዥም ሴት ከላይ እስከ ታች አየችው፤ የተጣበቀው አጭር ሱሪው ላይ ዓይኗ ትንሽ ቆየ። «ተራ አለህ?» አለችው።

«የለኝም፣ ግን…»

«ከኋላ ቁም።»

ካሣ በኽምጣና ነገሩን ዘርዝሮ አስረዳ። «አርባ» የሚለው ቃል ሲነሣ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እየተቀባበሉ ብዙ ተነጋገሩ፤ አንዷ ተቆጣች፣ ሌላዋ አሳቀቻት። በመጨረሻ ካሣ ተረጎመልን። «ለሟቹ ሲሉ ዛሬ አክስቴን ያስቀድማሉ። ለእናንተ ግን አይደለም። ደግሞ ነፃ አይደለም። ለአክስቴ የሚሞላው ከሞላ በኋላ የእነሱን ጀሪካን ሁሉ እስከየቤታቸው እናንተ ታወጣላችሁ።»

«ሁሉን?» አለ ጌታነህ።

«ሁሉን» አለች ዘውዴ በአማርኛ።

እዚያ አገር ውሃ ተሸክሞ ገደል የሚወጣ ወንድ አይታይም። ሴቶቹ እጃቸውን አጣምረው፣ በዕድሜያቸው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ጀርባቸውን፣ ከኋላ እየተከተሉ ምክር ሲያዘንቡባቸው አረፈዱ። «ጎንበስ በል!» «ድንጋዩን አትመነው!» «ብስክሌትህ የት አለ?» ተስፌ አንዴ ወጥቶ ተመልሶ ሲወርድ «መኪና መንዳት ደግ ሙያ ነው» ብሎኝ አለፈ። እኔ አንዲት ትንሽ ጀሪካን ይዤ ሁለት ጊዜ ወጣሁ፤ ሦስተኛውን ጉልበቴ እምቢ አለኝ።

በስንተኛው ዙር እንደሆነ እንጃ፣ ጌታነህ አዳለጠው። እሱ ምንም አልሆነም፤ የጀሪካኑ ክዳን ግን ተፈናጠረና ውሃው ድንጋዩ ውስጥ ሰረገ። ተንበርክኮ በሁለት እጁ አፉን ሊይዘው ሲታገል ግማሹ አመለጠው። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብሎ እርጥቡን ድንጋይ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደስ አለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን አሳዘነኝ። ዘውዴ አልሳቀችበትም። ክዳኑን ፈልጋ አመጣችና ጠበቅ አድርጋ ገጠመችለት፤ የጎደለውንም ከራሷ ሞላችለት።

ፀሐይ ከአናት ስታልፍ አለቀ። እማማ ታደሉ ድፍድፉን በውሃ ሞሉት፤ ቀመሱት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የጋኑን አፍ ከድነው በጭቃ መረጉት። ለእሑድ ይደርሳል ማለት ነው። መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ሽማግሌውን በሕይወታቸው አላውቃቸውም።

አሥራ ሁለቱ ጥላው ሥር እንደ ተጣለ ጆንያ ተዘርረው ነበር። ፎቶውን ያነሣው የለም። እማማ ታደሉ ከተረፈው ውሃ በማሰሮ ቀድተው፣ ገበቴ ይዘው ወጡና ከጌታነህ እግር ሥር ተንበረከኩ። ጫማውን ሊፈቱ እጃቸውን ሲሰዱ ደንግጦ እግሩን ሰበሰበ።

«እማማ፣ በእግዚአብሔር! ውሃውን አያባክኑ። ያስቀምጡት።»

«ትናንት እግራችሁን ሳላጥብ አሳደርኳችሁ» አሉ። «ከመንገድ የመጣ እንግዳ ነበራችሁ፣ ውሃ አልነበረኝም። ሌሊቱን በሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰውዬው ቢኖሩ ምን ይሉኝ ነበር?»

እኔ ሌሊቱን ሲገላበጡ ሰምቻቸዋለሁ፤ ለጠላው መስሎኝ ነበር።

ጌታነህ የጫማውን ማሰሪያ ራሱ ፈታ። እግሩን ሰጣቸው። ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ተረከዙን፣ ድንጋይ የላጠውን ቁርጭምጭሚቱን እያሹ አጠቡት። እሱ ሙሉ ጊዜውን ዓይኑን ከውሃው ላይ አልነቀለም። ታጥቦ ሲያበቃም እግሩን ወዲያው አላነሣም፤ ከገበቴው በላይ ይዞ አቆየው። ከተረከዙ የሚንጠባጠበውን በመዳፉ እየተቀበለ ወደ ገበቴው መለሰው፤ እስኪያቆም ድረስ።